«በጣም ቀላል ነው» ተብሎ የተመለሰው ሐሳብ፦ የጠራ ቪዲዮ በኔትወርክ መጓዝ የቻለው እንዴት ነው?



በረመዷን ማታ ማታ የሐረምን ተራዊሕ በስልካችን በቀጥታ እንከታተላለን። ሪያድ ወይም ኩዌት ያለች እህታችን በኢሞ ደውላ ለእናቷ የምትተኛበትን ክፍል፣ የገዛችውን ልብስ፣ ከሁሉም በላይ ፊቷን ታሳያለች። እናት «ከስተሻል» ትላለች፤ ልጅ «ካሜራው ነው» ትላለች። ይህን ሁሉ እኛ «ኔት ፈጠነ» በሚል አንድ ቃል እናልፈዋለን።

ነገሩ ግን እንዲያ ብቻ አይደለም። የመስመሩ መፍጠን የታሪኩ ግማሽ ነው። ሌላኛው ግማሽ አንድ የሂሳብ ሐሳብ ነው፤ ያንን ሐሳብ ያፈለቀውን ሰው ስም ደግሞ ቪዲዮ ሲያይ ከሚውለው ከእኛ መካከል የሚያውቀው ጥቂት ነው። ናሲር አሕመድ ይባላል። ዛሬ የእሱንና የሥራውን ታሪክ እናወጋለን። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በሩቅ ያለን ሰው ፊቱን እያዩ ማውራት የቆየ ምኞት ነው። በ1964 በኒውዮርክ በተከፈተው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ላይ ኤቲ ኤንድ ቲ የተባለው ግዙፍ የአሜሪካ ስልክ ኩባንያ «ፒክቸርፎን» የሚባል ባለ ምስል ስልክ ይዞ ቀረበ። በዚያው ጁን ወር የፕሬዚዳንት ጆንሰን ባለቤት ዋሽንግተን ሆነው ኒውዮርክ ካሉ የኩባንያው ሳይንቲስት ጋር እየተያዩ አወሩ። ጋዜጣው ሁሉ ጉድ አለ። ዋጋውን የሰማ ግን ዝም አለ፤ በከተሞች መካከል ለሦስት ደቂቃ ጥሪ ከ16 እስከ 27 ዶላር ነበር፤ ያውም በዚያ ዘመን ዶላር! በ1970 ኩባንያው አገልግሎቱን በፒትስበርግ ከተማ ለቢሮዎች አቀረበ፤ ኪራዩ በወር 160 ዶላር። ደንበኛ ጠፋ። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ነገሩ ተረሳ።

ብዙ ሰው «ሕዝቡ ፊቱ እንዲታይ አልፈለገም» ብሎ ይተነትነዋል። ይህ ትንታኔ ለእኛ ብዙም አይዋጥልንም። ዛሬ ፊቱን ማሳየት የሚፈራ ማን አለ? ዋናው ችግር ምስሉ የሚበላው የመስመር አቅም ነበር። ያ ጥቁርና ነጭ የሆነ፣ ትንሽ፣ ያልጠራ ምስል ብቻውን ከመቶ በላይ ተራ የድምፅ ጥሪዎች ሊያልፉበት የሚችሉበትን ቦታ ይይዝ ነበር። ዋጋው ከዚያ የመጣ ነው።

እስቲ ወደ ዘመናችን አምጥተን አብረን እናስላው። ዛሬ «ፉል ኤችዲ» የምንለው ምስል በወርድ 1920፣ በቁመት 1080 ነጥቦች አሉት። ሲባዛ 2,073,600 ነጥብ ነው። እያንዳንዱ ነጥብ ቀለሙን ለመግለጽ 24 ቢት ይፈልጋል። ቪዲዮ ደግሞ በሰከንድ 30 ያህል ምስሎች ተከታትለው የሚሮጡበት ነገር ነው። ሁሉንም ብናባዛው በሰከንድ 1.5 ቢሊዮን ቢት ገደማ ይመጣል። የአንድ ሰዓት ቪዲዮ ወደ 670 ጊጋባይት ይሆናል ማለት ነው፤ 128 ጊጋ የሚይዝ ስልክ አምስት ቢደረደር አይበቃውም። በሰከንድ 5 ሚሊዮን ቢት በሚያሳልፍ መስመር ብንልከው ደግሞ የአንዷ ሰከንድ ምስል ብቻ እስኪደርስ 300 ሰከንድ፣ ማለትም አምስት ደቂቃ እንጠብቃለን። የአንድ ሰዓት ፊልም ተልኮ የሚያልቀው በአሥራ ሁለት ቀን ተኩል ነው።

ሆኖም ያንኑ የጠራ ምስል በዚያው 5 ሚሊዮን ቢት መስመር ሳይቆራረጥ እያየነው ነው። ከ300 እጅ 299ኙ የት ገባ?

አሁን ወደ ሰውየው እንምጣ። ናሲር አሕመድ በ1940 በሕንድ ባንጋሎር ከተማ ተወለደ። ምሕንድስናን እዚያው ተምሮ ወደ አሜሪካ ተሻገረና ከኒው ሜክሲኮ ዩኒቨርሲቲ በ1963 ማስተርሱን፣ በ1966 ዶክትሬቱን ያዘ። ለጥቂት ጊዜ ሃኒዌል በተባለ ኩባንያ በተመራማሪነት ሠርቶ በ1968 በካንሳስ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ጀመረ። ካንሳስ ማለት የስንዴ አገር ነው፤ የቴክኖሎጂ መናኸሪያ የሚባል ቦታ አይደለም።

በዚያን ጊዜ ምስልን በትንሽ ቁጥሮች ለመግለጽ ከሁሉ የተሻለ ተብሎ የሚታወቅ አንድ የሂሳብ ዘዴ ነበር፤ በሁለት ሊቃውንት ስም «ካሩነን-ሎቭ» ይባላል። በወረቀት ላይ እንከን አይወጣለትም። በሥራ ላይ ግን ለእያንዳንዱ ዓይነት ምስል እንደ አዲስ መሰላት አለበት፤ በፍጥነት የሚሰላበት መንገድም የለውም። ልክህን ለክቶ የሚሰፋልህ፣ ግን አንድ ልብስ ለመጨረስ ዓመት የሚፈጅ ልብስ ሰፊ በሉት። የአሕመድ ሐሳብ እንዲህ ነበር፦ ለሁሉም ምስል የሚያገለግሉ የማይለወጡ ሞገዶችን፣ ማለትም በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የምናውቀውን ኮሳይን ተጠቅመን፣ ወደዚያ ምርጥ ዘዴ የሚጠጋ ነገር ማግኘት አንችልም ወይ?

በ1972 ለምርምሩ ገንዘብ እንዲሰጠው ለአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን ማመልከቻ አስገባ። ተመለሰበት። እሱ ራሱ በ1991 በጻፈው ማስታወሻ እንደተረከው፣ ማመልከቻውን ከገመገሙት አንዱ ሐሳቡ በጣም ቀላል ይመስላል የሚል አስተያየት ሰጥቶ ነበር።

ለአንድ ወጣት መምህር ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ብዙ መምህራን የሚከፈላቸው የዘጠኝ ወር ደመወዝ ነው። የክረምቱን ሦስት ወር ወይ ከምርምር ገንዘብ ያገኙታል፣ ወይ ሌላ ሥራ ይፈልጋሉ። የአሕመድ ቤተሰብም የ1973ን ክረምት በምን እናልፋለን ብሎ ተጨነቀ። እሱ ግን ሐሳቡ እንደሚሠራ ልቡ ነግሮት ስለነበር ያለ ክፍያም ቢሆን ሊሠራው ወሰነ። ያን ክረምት የዶክትሬት ተማሪው ከነበረው ናታራጃን ጋር ሆኖ ስሌቱን በኮምፒውተር ሞከሩት። ውጤቱ ወደ ምርጡ ዘዴ የተጠጋው እነሱ ራሳቸው ከጠበቁት በላይ ነበር። በቴክሳስ ያስተምር ከነበረው ኬ. አር. ራኦ ጋር ጽፈው በጃንዋሪ 1974 በታወቀ የኮምፒውተር መጽሔት ላይ አሳተሙት። ጽሑፉ አራት ገጽ ብቻ ነው። የዘዴው ስም በእንግሊዝኛ ምህጻሩ «ዲሲቲ» ይባላል።

እንዴት እንደሚሠራ ለመረዳት የሂሳብ ምሩቅ መሆን አያስፈልግም። ነጭ ጀለቢያ የለበሰ ሰው ፎቶ አስቡ። ከጀለቢያው ላይ በወርድ 8፣ በቁመት 8 ነጥብ ያላት ትንሽ አራት ማዕዘን ቆርጠን እንውሰድ። ውስጧ 64 ነጥቦች አሉ፤ ሁሉም ነጭ ወይም ወደ ነጭ የቀረቡ ናቸው። 64ቱን አንድ በአንድ «ነጭ፣ ነጭ፣ ነጭ…» እያሉ መላክ ድካም ነው። ዲሲቲ ጥያቄውን ይቀይረዋል። መጀመሪያ፦ የዚህች አራት ማዕዘን አማካይ ብርሃን ስንት ነው? ቀጥሎ፦ ከግራ ወደ ቀኝ ቀስ ብሎ ይለወጣል ወይ? ከላይ ወደ ታችስ? ከዚያ ፈጠን ያለ ለውጥ አለ ወይ? ከዚያም የባሰ ፈጣን? እያለ 64 ጥያቄ ጠይቆ 64 መልስ ያወጣል።

«64 ቁጥር ገብቶ 64 ቁጥር ከወጣ ምን አተረፍን?» ማለታችሁ አይቀርም። እስካሁን ምንም አላተረፍንም። ትርፉ ያለው መልሶቹ ውስጥ ነው። በተፈጥሮ ምስሎች፣ በፊት፣ በሰማይ፣ በግድግዳ፣ በልብስ ላይ ትልልቅ ሆነው የሚወጡት የመጀመሪያዎቹ ጥቂት መልሶች ብቻ ናቸው። የቀሩት ወደ ዜሮ የተጠጉ ናቸው። የሰው ዓይን ደግሞ በጣም ጥቃቅንና ፈጣን የሆነውን ለውጥ በቅጡ አያይም። ስለዚህ ትንንሾቹን ወደ ዜሮ አጠጋግተን ትልልቆቹን ብቻ እንልካለን። ተቀባዩ ስልክ በእነዚያ ጥቂት ቁጥሮች ምስሉን መልሶ ይሠራዋል። የቀረው መቅረቱን ዓይናችን አያውቅም።

ስለ ጥንቶቹ ሊቃውንት፣ ስለ ኢብኑል ሀይሠምና ስለ ኸዋሪዝሚ፣ ደጋግመን እንጽፋለን፤ ደስም ይለናል። በእኛው ዘመን ካንሳስ ተቀምጦ፣ የክረምት ደመወዙን ትቶ፣ የስልካችንን ጋለሪ የሞላውን ነገር የሠራን ሰው አለማወቃችን ግን ትንሽ ያስገርማል።

ከአራት ገጹ ጽሑፍ እስከ ስልካችን ድረስ መንገዱ ረጅም ነበር። አንደኛው ሥራ እንቅስቃሴውን መያዝ ነው። ኢሞ ላይ ስናወራ ከኋላችን ያለው ግድግዳ ከምስል ወደ ምስል አይለወጥም። ታዲያ ግድግዳውን በሰከንድ 30 ጊዜ መላክ ለምን? የተለወጠውን ብቻ መላክ፣ የተንቀሳቀሰውንም «ያቺ የቅድሟ ቁራጭ ወደዚህ ሄዳለች» ብሎ መጠቆም ይበቃል። ብዙ አገር ያሉ መሐንዲሶች ይህን ጥቆማ ከዲሲቲ ጋር አጋቡት። ዓለም አቀፉ የቴሌኮም ድርጅት በዚህ ላይ ተመሥርቶ «ኤች 261» የተባለውን የቪዲዮ ጥሪ ደረጃ በ1990 አጸደቀ። ከሰከንድ 64 ሺህ ቢት ጀምሮ፣ ቢበዛ 2 ሚሊዮን ቢት ገደማ በሚያሳልፍ መስመር የሰው ፊት ማሳየት የሚችል ነበር። ከዚያ ለሲዲ ኤምፔግ 1፣ ለዲጂታል ቴሌቪዥንና ለሳተላይት ዲሽ ኤምፔግ 2፣ በ2003 ደግሞ እስከ ዛሬ ብዙ ስልኮች የሚጠቀሙበት ኤች 264 መጡ። ስማቸው ይሰለቻል፤ ሁሉም ውስጥ ያለው ግን ዲሲቲ ወይም የእሱ የቅርብ ዘመድ ነው። በ1992 የወጣው ጄፔግ፣ ማለትም የፎቶው፣ እንዲሁ።

ሁለተኛው ሥራ መንገዱ ነበር። ኢንተርኔት መረጃን ፓኬት በሚባሉ ትንንሽ እሽጎች ከፋፍሎ ነው የሚልከው። አንድ እሽግ መንገድ ላይ ከጠፋ በድጋሚ ይላካል። ለደብዳቤና ለፋይል ይህ ድንቅ ነው። ለቀጥታ ጥሪ ግን ዘግይቶ የደረሰ እሽግ ከጠፋው አይሻልም፤ ሰውየው ዓረፍተ ነገሩን ጨርሶ ሌላ ጀምሯል። የሚገርመው ይህን ችግር መፍታት የተጀመረውም በዚያው በ1974 ነው። የኢንተርኔት እናት በሆነው አርፓኔት ላይ የአሜሪካ ተመራማሪዎች የሰውን ድምፅ በእሽግ ቆራርጠው በቀጥታ ላኩ። የጠፋውን ትቶ መቀጠል የሚለው ብልሃት ከዚያ አደገ። በማርች 1992 በሳን ዲዬጎ ከተካሄደ የኢንተርኔት መሐንዲሶች ስብሰባ ድምፅ በሦስት አህጉሮች ወደሚገኙ 20 ቦታዎች በኢንተርኔት ተሰራጨ፤ ምስሉም ብዙም ሳይቆይ ተከተለ። ምስሉ የፖስታ ቴምብር የምታክል፣ የምትንቀጠቀጥ ነገር ነበረች። በ1996 ለእንዲህ ያለው የቀጥታ ጉዞ የጋራ ደንብ ታተመ፤ ዛሬ የምንደውልባቸው መተግበሪያዎች እየተሻሻለ የመጣውን ያንኑ ደንብ ወይም አምሳያውን ይከተላሉ።

በዚህ መሐል ተቃራኒ መንገድ የያዙም ነበሩ። «ሳንጨምቀው፣ እንዳለ እንላከው» ያሉ። እብደት ይመስላል፤ ምክንያት ግን ነበራቸው። መጭመቅና መፍታት ጊዜ ይወስዳል፤ የተጣለው ጥቃቅን ነገርም ለፊልም አርታዒና ለሐኪም አስፈላጊ ሊሆን ይችላል። በ1999 ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ፈጣን ኔትወርክ በኩል ከስታንፎርድ ወደ ሲያትል ኤችዲ ምስል ላከ፤ ይህ በመጠኑ የተጨመቀ ነበር። በኖቬምበር 2001 ዴንቨር በተካሄደው የሱፐርኮምፒውተር ጉባኤ ላይ ደግሞ ጨርሶ ያልተጨመቀ ኤችዲ ከሲያትል መጣ፤ ቅድም ያሰላነው በሰከንድ 1.5 ቢሊዮን ቢት እንዳለ። በሴፕቴምበር 2005 ቶኪዮ ከሚገኘው ኬዮ ዩኒቨርሲቲ የፓሲፊክን ውቅያኖስ አቋርጦ ወደ ሳን ዲዬጎ የተላከው ምስል ፎርኬ ነበር፤ በአንድ ምስል ከ8 ሚሊዮን በላይ ነጥቦች። ይህንን ያለ መጭመቅ መላክ ስለሚከብድ ዲሲቲ ባልሆነ ሌላ ዘዴ ጨምቀውታል።

እነዚህ ሙከራዎች ታላላቅ ነበሩ። ነገር ግን መስመሩ የተመራማሪዎች፣ ተመልካቹ በአዳራሽ የተጋበዘ ሰው ነበር። በዚያው በ2005 የመጀመሪያው የዩቲዩብ ቪዲዮ ተጫነ፤ አጭር፣ ደብዛዛ፣ ዝሆኖች ፊት የቆመ አንድ ወጣት የሚታይበት። ለእኛ የደረሰን በዚህኛው በር የገባው ነው፤ የተጨመቀው።

ከ2009 ወዲህ ደግሞ ሌላ ብልሃት ተስፋፋ። ቪዲዮው በጥቂት ሰከንድ ቁራጮች ይከፈላል፤ እያንዳንዱ ቁራጭ በተለያየ ጥራት ተዘጋጅቶ ይቀመጣል። ስልካችን የመስመሩን ፍጥነት እየለካ የሚችለውን ቁራጭ ይጠራል። ለዚህ ነው ቪዲዮ ስንከፍት መጀመሪያ ደብዝዞ ቆይቶ የሚጠራው። ኔት ሲደክም ፊት ላይ የሚመጡትን ትንንሽ አራት ማዕዘኖች አይታችኋል አይደል? እነሱ የጨማቂው ቁራጮች ናቸው። ቢቱ ሲያንስ ከ64ቱ መልሶች የመጀመሪያው፣ አማካዩ ብቻ ይቀርና ቁራጯ በሙሉ አንድ ቀለም ትሆናለች።

ወደ አገራችን ስንመጣ ኢንተርኔት ለሕዝብ የተከፈተው በ1997 ነው። ባሕር በር የለንምና ከ2009 ጀምሮ በምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ የተዘረጉት የባሕር ውስጥ ኬብሎች የሚደርሱን በጎረቤት አገሮች ምድር በኩል ነው። መስመሩ እያደገ መጥቷል፤ ወጪው ግን አሁንም ኪሳችን ውስጥ ነው የሚታየው። በሰከንድ 5 ሚሊዮን ቢት የሚመጣ ኤችዲ ቪዲዮ በአንድ ሰዓት 2.25 ጊጋባይት ይበላል። ጥራቱን ወደ 360 ዝቅ ብናደርገውና በሰከንድ 700 ሺህ ቢት ገደማ ቢመጣ ያው አንድ ሰዓት 315 ሜጋባይት ያህል ነው። ትምህርት ወይም ዳዕዋ ለማዳመጥ ለምን ኤችዲ እንደምንከፍት እንጃ! ያልተጨመቀ ቢሆን 670 ጊጋ ይሆን እንደነበር ስናስብ ደግሞ ያን ያለ ደመወዝ ያለፈ ክረምት ማመስገናችን አይቀርም።

ናሲር አሕመድ በ1983 ወደ ተማረበት ኒው ሜክሲኮ ዩኒቨርሲቲ ተመልሶ እስከ 2001 አስተማረ። ስሙ ከሙያው ሰዎች ውጭ የተሰማው ዘግይቶ ነው። በኮሮና ወረርሽኝ ሰው ሁሉ በስክሪን ብቻ በሚገናኝበት ወቅት፣ በ2021፣ «ዚስ ኢዝ አስ» የተሰኘው የአሜሪካ ተከታታይ ድራማ አንድ ክፍሉን በከፊል በእሱና በባለቤቱ ታሪክ ላይ ሠራ። ሆስፒታል መግባት ያልተፈቀደላቸው ቤተሰቦች የሕፃናቱን መወለድ በቪዲዮ ጥሪ የሚከታተሉበት ክፍል ነው።

አንድ ነገር ግን መጭመቅም ፈጣን ኬብልም አይፈታውም። ከወሎ፣ ከጅማ፣ ከአርሲ ወደ ዐረብ አገር የሄዱ እህቶቻችን የቪዲዮ ጥሪ ለዓመታት ሲቸግራቸው የነበረው በኔት መድከም ብቻ አልነበረም። ሳዑዲ ዐረቢያ በኢንተርኔት የሚደረግን የድምፅና የቪዲዮ ጥሪ በይፋ የፈቀደችው በሴፕቴምበር 2017 ነው። ኤምሬትስ ውስጥ ደግሞ በዋትስአፕ ጽሑፍና ፎቶ መላክ ሲቻል ጥሪው ለረጅም ዓመታት ታግዶ ኖሯል፤ እዚያ የሚሠሩ ሰዎች እንደ ቦቲም ባሉ ፈቃድ ባገኙ መተግበሪያዎች፣ ብዙ ጊዜም ወርሃዊ ክፍያ ከፍለው፣ ይደውሉ ነበር። መስመሩ ከእኛው ብዙ እጥፍ የፈጠነ ነው፤ ስልኳም ያው ስልክ ነው። ዱባይ ያለችው እህት እናቷን ለማየት መጀመሪያ የትኛው መተግበሪያ እንደሚከፈት ጓደኞቿን መጠየቅ ነበረባት።